ወረቀት ከወዴት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ጆንያውን በትከሻው ጥሎ ከመንደር ወደ መንደር «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ነጋዴ የማያውቀው የለም። የቤት እመቤቶች አሮጌ ዕቃቸውን ሲያወጡለት ብረቱን ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ስለ ጠርሙሱና ስለ ጀሪካኑ ይከራከራል፤ ልጆች ጽፈው የጨረሱትን ደብተር ሲያሳዩት ግን ብዙ ጊዜ ራሱን ነቅንቆ ይተወዋል። የሸክሙን ያህል ዋጋ የማያወጣ፣ ዝናብም ቢነካው የሚበላሽ ነገር ነውና አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ ለዚያ ደብተር የሚቀሩለት መንገዶች ሁለት ናቸው። ወይ ቆሎና ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት ቅጠሉን እየገነጠለች እንደ ቀንድ ጠቅልላ ለገዢ ትሰፍርበታለች፤ ወይም ከጥራጊ ጋራ ተደባልቆ በዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ረጲ በሚባለው ስፍራ ወዳለው፣ ሕዝቡም ቆሼ ብሎ ወደሚጠራው የቆሻሻ ተራራ ይጣላል።

ይህ ደብተር ወደ ኮልፌ የመጣበትን መንገድ ለሚመረምር ሰው ግን ነገሩ እንደዚህ ቀላል ሆኖ አይገኝም። እንጨቱ የተቈረጠው በሰሜን አውሮፓ ወይም በብራዚል ወይም በኢንዶኔዥያ ደን ሊሆን ይችላል። ተፈጭቶ፣ በመድኃኒት ተቀቅሎ፣ ነጥቶ፣ ተዳምጦና ደርቆ በታላላቅ ጥቅል ከሆነ በኋላ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይወርዳል። ከዚያም በባቡር ወይም የአፋርን በረሃ በሚያቋርጥ ከባድ መኪና ተጭኖ ወደ መካከለኛው አገር ይወጣል። ዋጋው የተከፈለው በዶላር ነው፤ ዶላሩም የተገኘው የሲዳማና የጅማ ገበሬ ለቅሞ አድርቆ ለገበያ ባቀረበው ቡና ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ባሕርና የብስ አቋርጦ የመጣው ነገር አንድ ተማሪ በአንድ መንፈቅ ጽፎበት፣ አንድ መንገደኛ በአንድ ሰዓት ቆሎ በልቶበት የሚያልፍ ሆነ ማለት ነው።

በጥንት ዘመን የኢትዮጵያ ጸሓፊ ከባሕር ማዶ የሚጠብቀው ምንም ነገር አልነበረም። ይህንንም ከማንም ይልቅ የቤተ ክህነት ሰዎች ያውቁታል። የፍየሉ ቆዳ ታጥቦ፣ በመወጠሪያ ተወጥሮ፣ ጠጕሩና ስቡ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ይበጠበጣል፤ ብርዑም ከመቃ ይቀረጻል። ሁሉም በአገር ውስጥ የሚገኝ ስለ ሆነ የውጭ መንግሥታት ቢጣሉ፣ ባሕሩም ቢዘጋ የጸሓፊው እጅ አይታሰርም ነበር። ነገር ግን ለአንድ መጠነኛ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳ ስለሚያስፈልግ፣ የሚጽፈውም ሰው ወራት ስለሚቀመጥበት፣ መጽሐፍ የጥቂት ሰዎችና የደብሮች ሀብት ሆኖ ቀረ። አንድ ሙሉ አገር ሕፃናቱን በብራና ሊያስተምር አይችልም።

ወረቀት በብዛት መግባት የጀመረው ማተሚያ ቤት ከመጣ ወዲህ ነው። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው መሆናቸው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ የማተሚያው መኪና ያለ ባቡሩ ሊጠግብ ባልቻለም ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ዓለም በጦርነት ላይ ስለ ነበረ ወረቀት በየአገሩ በቁጠባ የሚታደልበት ወራት ነበር። እንዲህ ሆኖ ከብራና ወደ ወረቀት የተሻገረው አገር መጻሕፍቱን አበዛ፤ ነገር ግን ጽሕፈቱን ከመርከብ ጋራ አሰረ።

የአንድን አገር ሁኔታ ለብቻው ከመመልከት ከጎረቤት ጋራ ማመዛዘን ይሻላልና እዚህ ላይ ኬንያን ማንሣት ተገቢ ይሆናል። ኬንያ በአየሯና በደጋዋ፣ በቡናዋና በአበባዋ ለኢትዮጵያ ቅርብ ናት። ወረቀቷም የሚመጣው በዚያው በሕንድ ውቅያኖስ ነው። ሁለቱም አገሮች የወረቀት ፋብሪካ ያቆሙት በተቀራረበ ዘመን ነው፤ ሁለቱም ዛሬ ከሚፈልጉት ወረቀት አብላጫውን ከውጭ ይገዛሉ። ነገር ግን ወደዚህ የደረሱበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው።

ኬንያ ገና በእንግሊዝ ግዛት ሳለች ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1894 ዓ.ም. እስከ ኪሱሙ ደርሶ ነበር። የራሷ ወደብና የራሷ ባቡር ስላላት ለወረቀት የምትከፍለው የመንገድ ዋጋ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያነሰ ነው። በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ መንግሥቷ የገዛ ራሷን ወረቀት እንድትሠራ ቈረጠ። አስቀድሞ በምዕራቡ አገሯ በቱርቦ አካባቢ ለዚሁ ጉዳይ የሚሆን የጥድ ዛፍ በሰፊው አስተከለ፤ ቀጥሎም ከዓለም ባንክ የገንዘብ ድርጅትና ከሕንድ የወረቀት ባለሙያዎች ጋራ ተሻርኮ በንዞያ ወንዝ አጠገብ በወቡዬ ከተማ ፋብሪካ አቆመ። ፓን አፍሪካን የተባለው ይህ ፋብሪካ በ1967 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እንጨቱን ራሱ ቀቅሎ፣ ራሱ ወረቀት አድርጎ፣ ለኬንያ ጋዜጣና ለትምህርት ቤት ደብተር፣ ለካርቶንም የሚሆነውን እያወጣ ወደ ዩጋንዳና ወደ ታንዛኒያም ይልክ ነበር። በዚህ ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ደኑ ከፋብሪካው በፊት ታስቧል።

በኢትዮጵያ ደግሞ በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ በወንጂ የወረቀት ፋብሪካ ተሠራ። ስፍራው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሆላንዶች የስኳር ፋብሪካ በአጠገቡ ስላለ፣ ከሸንኮራ አገዳው ጭማቂ ወጥቶ የሚቀረው ገለባ ለወረቀት ሊሆን ይችላል። በሕንድና በግብፅ በዚህ ገለባ ወረቀት የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉና አሳቡ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ያንኑ ገለባ የስኳር ፋብሪካው ለገዛ እሳቱ ይፈልገዋል፤ ለወረቀት የሚለቅለት እንደ ሆነ በፈንታው ሌላ ማገዶ መግዛት አለበት። ስለዚህ የወንጂ ፋብሪካ አብዛኛውን ዘመኑን የኖረው ከውጭ በሚመጣ፣ ተቀቅሎ በደረቀ የእንጨት ጭቃ ነው፤ ባለሙያዎች ይህን ፐልፕ ይሉታል። ወረቀቱ በአገር ውስጥ ተሠራ፤ የወረቀቱ ሥጋ ግን ከባሕር ማዶ መምጣቱን አልተወም።

ይህንን ያነበበ ሰው ኬንያ ብልህ ሆና ኢትዮጵያ ተሳሳተች ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። የወቡዬ ፋብሪካ ደኑንም ወንዙንም ይዞ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ተዘጋ። ዕዳው በዝቶ ነበር፤ መኪናው አርጅቶ ነበር፤ የኤሌክትሪኩና የነዳጁ ዋጋ ከብዶት ነበር፤ ከእስያ የሚመጣው ወረቀትም በርካሽ ይሸጥ ነበር። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በዚያ ፋብሪካ ዙሪያ ኑሮአቸውን መሥርተው ስለ ነበር ከተማዪቱ ባንድ ጊዜ ደኸየች። ከዚህም ሌላ ሲሠራ በነበረበት ዘመን የወንዙን ውኃና የከተማውን አየር ያበላሽ ነበር እየተባለ ብዙ ተከሷል፤ ወረቀት መሥራት ውኃና መድኃኒት በብዛት የሚፈልግ ሥራ ነውና። በ2008 ዓ.ም. ፋብሪካውን የግል ባለሀብቶች ገዝተው ስሙን ለውጠው ሥራ እንዲጀምር አደረጉ፤ ነገር ግን ወዲያው በየካቲት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ከሕዝብ ደን እንጨት መቍረጥን ከለከለ፤ ክልከላው በ2015 ዓ.ም. ይነሣ እስኪባል ድረስ እንጨት የሚፈልጉ ፋብሪካዎች ሁሉ ተቸገሩ። ደንን መጠበቅና ወረቀትን በአገር ውስጥ መሥራት ሁለቱም መልካም ሲሆኑ አንዳንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

ወቡዬ ከተዘጋ በኋላ ኬንያ በገዛ አገሯ ትሠራው የነበረውን ወረቀት ሁሉ ወደ መግዛት ተመለሰች። በዚህ ላይ የቀረጥ ጥያቄ መጣ። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ በ1997 ዓ.ም. አንድ የጉምሩክ ማኅበር ሲያቆሙ ጥሬ ዕቃ ያለ ቀረጥ፣ በከፊል የተሠራ ዕቃ በመቶ 10፣ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ በመቶ 25 ቀረጥ እየከፈለ እንዲገባ ተስማምተው ነበር። እንዲህ ያለው ቀረጥ የአገር ውስጡን ፋብሪካ ይጠብቃል ተብሎ የሚጣል ነው። ፋብሪካው የተዘጋ እንደ ሆነ ግን ቀረጡ የሚጠብቀው ማንን ነው? የሚከፍለው አታሚው፣ ከአታሚውም ተሻግሮ የተማሪው አባት አይደለምን? በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በኬንያ በመጽሐፍ ላይ በመቶ 16 የተጨማሪ ዋጋ ግብር ተጣለ፤ የመጽሐፍ ሻጮችና አሳታሚዎች ብዙ ጮኹበት።

አሁን ሁለቱ አገሮች ወረቀትን ለምን ለምን እንደሚገዙት እንመልከት ቢባል ልዩነቱ ያስደንቃል። ኬንያ በ2011 ዓ.ም. ባደረገችው ቈጠራ ሕዝቧ 47.6 ሚሊዮን ነበር፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ሆኖም በብዙ ዓመታት ኬንያ ለውጭ ወረቀትና ካርቶን የምታወጣው ገንዘብ ከኢትዮጵያ ይበልጣል። ይህን የሰማ ሰው ኬንያውያን ይልቅ ይጽፋሉ፣ ይልቅ ያነባሉ ማለት ነው ብሎ ያስብ ይሆናል፤ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አብላጫው ምክንያት ሌላ ነው፤ ኬንያ የምትሸጠውን ነገር በወረቀት ጠቅልላ ትሸጣለች። ሻይዋ በሞምባሳ በጨረታ ተሽጦ ወደ ውጭ የሚሄደው በተደራረበ ወፍራም የወረቀት ከረጢት ነው። ከናይቫሻ ሐይቅ ዳር የሚነሣው አበባ በየቀኑ በካርቶን ተደርድሮ በአውሮፕላን ይጫናል። አትክልቱና ፍራፍሬው እንዲሁ ነው። ሲሚንቶዋ እንኳ ለረጅም ዘመን በወረቀት ከረጢት ሲሸጥ ኖሯል። እንግዲህ ኬንያ ከምትገዛው ወረቀት ብዙው ተመልሶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲወጣም የአበባና የሻይ ዋጋ ይዞ ይመለሳል።

የኢትዮጵያ ቡና ግን የሚጫነው በቃጫ ጆንያ ነው፤ ሲሚንቶዋም በፕላስቲክ ማዳበሪያ ይሞላል። ወረቀትን አጥብቆ የሚፈልገው የወጪ ንግዷ አበባው ነው፤ እርሱም በሰፊው የተጀመረ ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። ከሆለታና ከመናገሻ በኩል የሚመጣው የአበባ መኪና ሌሊት በአዲስ አበባ ምዕራብ በር ገብቶ ወደ ቦሌ ሲያልፍ፣ በውስጡ ከአበባው ጋራ የተጫነው ካርቶን ወረቀቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ያው ወረቀት አሁን አበባ ታቅፎ ተመልሶ ባሕር ይሻገራል። ካርቶኑ ጠንካራ ካልሆነ በአውሮፕላኑ ውስጥ በብርዱና በእርጥበቱ ይጎብጣል፤ አበባው ይቀጠቀጣል፤ ገዢውም ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ለካርቶን የሚወጣው ዶላር ለቅንጦት የወጣ ነው ብሎ የሚቈርጥ ሹም ቢኖር፣ አምስት ቆጥቦ ሃምሳ ያጣል።

ወደ ፊትም የካርቶንና የወረቀት ከረጢት ፍላጎት መጨመሩ አይቀርም። ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን በጽኑ ቅጣት ከልክላለች። በኢትዮጵያም የፌስታልን መሥራትና ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ፌስታሉ ከኮልፌ ገበያ ሲወጣ በስፍራው የሚገባው ዘንቢል ነውን? የጨርቅ ከረጢት ነውን? ወይስ የወረቀት ከረጢት ነው? የወረቀት የሆነ እንደ ሆነ ሸማቹ ሽንኩርት በገዛ ቍጥር ጥቂት ሳንቲም በዶላር ይከፈላል ማለት ነው። አያቶች ወደ ገበያ የሚወርዱት ዘንቢል ይዘው ነበር፤ ዘንቢሉ ከአገር ሰሌን የሚሠራ ነውና ከባንክ ቤት ፈቃድ አይፈልግም።

የጉምሩክ መዝገብን አይተው የሚፈርዱ ሰዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። በዓለም ሁሉ በሚሠራበት የዕቃ አከፋፈል ወረቀትና ካርቶን የሚጻፈው በምዕራፍ 48 ነው፤ ደብተርም፣ ባዶ የካርቶን ሣጥንም በዚያው ይገባል። ነገር ግን ጥሬው የእንጨት ጭቃና ያገለገለ ወረቀት በምዕራፍ 47 ይጻፋል፤ የታተመ መጽሐፍና ጋዜጣም በምዕራፍ 49 ይጻፋል። ስለዚህ ሁለት አገሮችን በምዕራፍ 48 ብቻ የሚያመዛዝን ሰው ይታለላል። ወረቀት ገዝቶ በገዛ ማተሚያ ቤቱ መጽሐፍ የሚያትም አገር በዚያ ምዕራፍ ብዙ ያወጣ መስሎ ይታያል፤ መጽሐፉን በውጭ አገር አሳትሞ የሚያስገባው አገር ደግሞ ቈጣቢ መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለተኛው ለወረቀቱም፣ ለቀለሙም፣ ለሠራተኛው ደመወዝም፣ ለአታሚው ትርፍም በዶላር ከፍሏል። ቴሌቪዥንና መድኃኒት ይዞ የሚመጣው ካርቶንማ ከቶ በየትኛውም የወረቀት ምዕራፍ አይጻፍም፤ የሚቈጠረው ከዕቃው ጋራ ነው።

ይህ የመዝገብ ነገር ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ የሕፃናትን እጅ ይነካል። ኬንያ ከጥር 1995 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃን ትምህርት ያለ ክፍያ ስታደርግ የመማሪያ መጽሐፍ ፍላጎቷ ባንድ ጊዜ ዘለለ፤ በናይሮቢ የነበሩት አሳታሚዎችና ማተሚያ ቤቶችም በዚህ ሥራ ሰፉ። በኢትዮጵያ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ብዛት ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እጅግ ጨምሮ የተማሪው ቍጥር ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሲደርስ፣ በብድርና በእርዳታ ገንዘብ በዓለም አቀፍ ጨረታ ከሚገዛው የመማሪያ መጽሐፍ ብዙው የታተመው በውጭ አገር ነው። በጨረታ ርካሹን መምረጥ ለገንዘብ ያዡ ቀና ሥራ ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርት ሥርዓት ሲጀመር መጽሐፉ ለብዙ ትምህርት ቤቶች በጊዜው ሳይደርስ ቀርቶ መምህራን ከስልክና ከኮምፒዩተር እየቀዱ ያስተማሩበት ወራት ነበር። መስከረም ላይ የሚፈለግ መጽሐፍ ጥር ላይ ቢመጣ ዋጋው ቢረክስ እንኳ ለተማሪው ምን ይረባዋል?

ስለ ዋጋ ከተነሣ ዘንድ የገንዘብ ምንዛሪን ነገር ማለፍ አይቻልም። ለምሳሌ ያህል የአንድ ቶን ወረቀት ዋጋ አንድ ሺህ ዶላር ቢሆን፣ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ስለ ነበር፣ ዋጋው 2,070 ብር ይሆን ነበር። በዚያው ዓመት ምንዛሪው ወደ 5 ብር ሲወጣ 5,000 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ እንግዲህ ያ አንድ ቶን ወረቀት መርከቡ ከወደቡ አንዲት ስንዝር ሳይንቀሳቀስ ከ57,000 ብር ወደ 100,000 ብር ተሻገረ ማለት ነው። የኬንያ ሽልንግም ከዚህ መከራ አላመለጠም፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ዶላር 160 ሽልንግ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ወደ 130 ገደማ ስለ ወረደ የኬንያ አታሚ ትንፋሽ አገኘ። የኢትዮጵያ አታሚ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ዓመታት ዋጋው ብቻ አልነበረም የሚያስጨንቀው፤ ዶላሩን ለማግኘት በባንክ ቤት ተራ መጠበቁም ነበር። ወረፋው ወራት ሲፈጅ የጋዜጣ ገጽ ይቀነሳል፤ የመጽሐፍ ዋጋ ይወደዳል፤ የገዳማትና የአድባራት ማኅበራትም ሊያሳትሙ ያሰቡትን መጽሐፍ ለሌላ ዓመት ያሳድራሉ።

መንገዱም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ዕቃዋን ከሞላ ጐደል በጅቡቲ በኩል ታስገባለች፤ ጅቡቲም በባብ ኤል መንደብ በር ላይ ያለች ናት። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲመቱ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ የጭነቱና የዋስትናው ዋጋም ጨመረ። ከስዊድንና ከፊንላንድ የሚመጣው ወረቀት ለሞምባሳም፣ ለጅቡቲም በስዊዝ በኩል ያልፍ ስለ ነበር ሁለቱም ተጎድተዋል፤ ነገር ግን ደቡብ አፍሪካን ዞሮ ለሚመጣ መርከብ ሞምባሳ ትቀድማለች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሳይጠይቅ አይቀርም። ኢትዮጵያ እንጨት የላትምን? አላት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከእንጦጦ እስከ መናገሻ፣ ከጎጃም እስከ ጉራጌ ተራራውን ሞልቶታል። ብራዚል በዓለም ገበያ ከሁሉ የበለጠ የምትሸጠው የወረቀት ጭቃ ከዚህ ከባሕር ዛፍ የሚሠራ ነው፤ ተተክሎ በስድስትና በሰባት ዓመት ይቈረጣል። እንግዲህ በኮልፌ አውራ መንገድ ባሕር ዛፉ ለማገዶና ለሕንፃ መወጣጫ በጭነት መኪና ሲያልፍ፣ ከባሕር ዛፍ የተሠራው ወረቀት ደግሞ ከብራዚል ተጭኖ በሌላው መንገድ ይመጣል። ከመተከልና ከአሶሳ እስከ ማሻ የሚገኘውም የቀርቀሃ ደን በአፍሪካ ካሉት ሰፊዎች አንዱ ነው፤ ቀርቀሃም ለወረቀት የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን እንጨት ቀቅሎ በዓለም ዋጋ የሚወዳደር ፋብሪካ ለመሥራት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል፤ አንድ ወንዝ የሚያህል ውኃም ይጠጣል። የወቡዬን ታሪክ ያየ ሰው ይህን በችኮላ አይመኝም።

ባገለገለ ወረቀት የሚሠራ ፋብሪካ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ገንዘብና ያነሰ ውኃ ይበቃዋል። በኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰበሰበ ወረቀት ካርቶንና ሶፍት የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ በኬንያም እንዲሁ አሉ። ወረቀት ሲቀቀል ጭረቱ በየጊዜው እያጠረ ስለሚሄድ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ብቻ ተመልሶ ይሠራል፤ ስለዚህ ምንጊዜም ጥቂት አዲስ ጭቃ ከውጭ መግባቱ አይቀርም። ቢሆንም አንድ ቶን ወረቀት በዶላር ከተገዛ በኋላ ሦስትና አራት ጊዜ ማገልገሉ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ከመጣሉ ይሻላል። ለፋብሪካዎቹ የሚቸግራቸው የሚገባቸው ወረቀት ማነሱና መቆሸሹ ነው። ወረቀት ከወጥና ከአመድ ጋራ ባንድ ጆንያ ከገባ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም።

ያ ሁሉ ወረቀት የት እንዳለ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ረጲ ሩቅ አይደለም። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል የኖረ ስፍራ ነው። በዚያ ክምር ላይ ላስቲክና ብረት፣ ጠርሙስና ካርቶን እየለቀሙ የሚኖሩ ድኾች ጎጆ ሠርተውበት ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ በላያቸው ወረደ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥልና ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ታቅዶ የተሠራው ፋብሪካ ተመረቀ። እሳቱ ወረቀትን ይወዳል፤ ደህና ይነዳልና። ነገር ግን ለመብራት የሚሆን ወንዝና ነፋስ ያላት አገር በዶላር የገዛችውን ወረቀት ማንደዷ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

የዓለም ሕዝብ በዓመት የሚሠራው ወረቀት ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን፣ በሰው ልክ ቢካፈል ለያንዳንዱ 50 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። የኢትዮጵያዊ ድርሻ ከዚህ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው፤ የኬንያዊም እንዲሁ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወረቀት ይቀነስ የሚል ሹም ቢነሣ የሚቀንሰው ከሕፃኑ ደብተር መሆኑን ይወቅ። ሊቀነስ የሚገባው ሌላ አለ። አንዱ ማመልከቻ በአምስት ቅጂ የሚጠየቅበት፣ አንዱ መዝገብ በሦስት ክፍል የሚገለበጥበት፣ ዘመኑ ካለፈ በኋላም ለታሪክ የሚጠቅመው ሳይለይ ሁሉም ባንድነት በምድር ቤት ውስጥ ለአይጥ የሚተውበት ጽሕፈት ቤት ብዙ ነው።

ስለ አሮጌው ደብተር ግን ጊዜ አለው። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በሰኔ መጨረሻ ነው፤ የዓመቱ ደብተር ሁሉ ከየቤቱ የሚወጣው በዚያው ሳምንት ነው፤ ክረምቱም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ዝናብ የማያስገባ አንድ ክፍል ከግንቦት ጀምሮ ቢዘጋጅ፣ በኮልፌና በአስኮ፣ በአየር ጤናና በቤቴል ከቤት ወደ ቤት ጥራጊ የሚሰበስቡት የወጣቶች ማኅበራት ደብተሩን ሳይረጥብ በኪሎ ሊረከቡት ይችላሉ። ሐምሌ አምስት ከሆነ በኋላ የሚሰበሰበው ግን ውኃ የጠጣ ስለሚሆን ፋብሪካው አይቀበለውም፤ ቆራሌውም አያነሣውም።